ቺምኒ ሮክ ስትደርሺ ቶሎ አትመለሺ

ውድ ልጄ፣

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከጓደኞችሽ ጋር ፖይንት ሬይስ ልትሄጂ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ካሊፎርኒያ እየኖሩ ያንን ዳርቻ በጸደይ አለማየት ነውር ነው። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ለእግር ጉዞ ውድድር አትሂጂ። እዚያ ያለው የቺምኒ ሮክ መንገድ ደርሶ መልሱ 3 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በአንድ ሰዓት ጨርሰሽው ልትመለሺ ትችያለሽ፤ ግን ምንም ሳታዪ ነው የምትመለሺው። ግማሽ ቀን ስጪው።

ማልዳችሁ ከደረሳችሁ ጉም ሊኖር ይችላል። ፖፒ የሚባሉትን አበቦች ተጠቅልለው ታገኚያቸዋለሽ። ጠውልገዋል ብለሽ አትለፊያቸው፤ ፀሐይ ሲወጣ ይከፈታሉ፣ ሲደምንና ሲመሽ መልሰው ይዘጋሉ። የባሕር ዳሩ ፖፒ ፎቶ ላይ እንደለመድሽው ሙሉ ብርቱካናማ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ጠርዙ ቢጫ፣ መሃሉ ብቻ ብርቱካናማ ነው። እዚያ ነፋሱ አያስቆምም፤ አበባውም ከመሬት ብዙ ቀና አይልም። ስለዚህ ቁጢጥ በይ።

ቁጢጥ ካልሽ አይቀር ሰማያዊውን ሉፒን ፈልጊ። የግብጦ ዘመድ ነው። ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ሲሆን ማለዳ መሃሉ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ይዞ ታገኚዋለሽ። አበባውን ደግሞ ጠጋ ብለሽ እዪው። ከላይ በኩል ነጭ ነጠብጣብ አለችው። ንብ ጎብኝታው ከዳበረ በኋላ ያቺ ነጭ ወደ ቀይ ሐምራዊ ትለወጣለች። ንቦቹም ይህን ያውቁታል፤ ነጩ ላይ ያርፋሉ፣ የቀላውን ያልፉታል። አንድ ዘለላ ላይ ሁለቱንም ቀለም ታያለሽ፤ ከታች የቀሉት፣ ከላይ ገና ነጭ ያላቸው። እኔን ብትጠይቂኝ ከዓሣ ነባሪው የማይተናነስ ትርኢት ነው።

ዓሣ ነባሪውንም አልረሳሁም። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ቁጭ በሉ። ቁጭ በሉ ስል ፎቶ ለመነሳት አይደለም። ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች በብርዱ ወራት ሜክሲኮ፣ ባሃ ካሊፎርኒያ ይወልዳሉ። ከዚያ ወደ አርክቲክ ይመለሳሉ፤ የዓመቱ ደርሶ መልስ ከ16,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። መጨረሻ ላይ የሚያልፉት ልጅ የያዙት እናቶች ናቸው። አንቺ የምትሄጂበት ጊዜ የእነሱ ነው። ገዳይ ዓሣ ነባሪ ስለሚያድናቸው ዳሩን ተጠግተው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ አድማሱ ላይ አታፍጥጪ፣ ቀረብ ያለውን ውሃ እዪ። መጀመሪያ የሚታይሽ እንደ እንፋሎት ብን የሚል ትንፋሽ ነው። ከትልቁ ቀጥሎ አጠገቡ ትንሽ ትንፋሽ ካየሽ በቃ፣ ከነልጇ ናት። ሲጠልቁ ለደቂቃዎች ይጠፋሉ። ሄዱ ብለሽ አትነሺ፤ ከነበሩበት ትንሽ ወደ ሰሜን ጠብቂያቸው።

ባሕሩ ዳር ከወረዳችሁ አሸዋ ላይ ብቻውን የተኛ የአቆስጣ ግልገል ልታዪ ትችያለሽ። አንጀትሽን ይበላዋል፣ አውቅሻለሁ። አትጠጊው። እናቱ ምግብ ፍለጋ ገብታ ነው፤ ሰው ከከበበው ፈርታ ላትመለስ ትችላለች። በገመድ የታጠረ አሸዋም ካያችሁ አትርገጡ። ስኖዊ ፕሎቨር የምትባለው ትንሽ ወፍ እንቁላሏን የምትጥለው ባዶ አሸዋ ላይ ነው፤ ቀለሙም ያው የአሸዋ ነው። በእርጥቡ አሸዋ ላይ ሂዱ።

ረጅም ሱሪ ልበሺ። ሣሩ ውስጥ መዥገር አለ። ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ የሚያብለጨልጭ ቅጠል ደግሞ ፖይዝን ኦክ የሚባል ቆዳ የሚያሳክክ ተክል ነው፣ እጅሽን ሰብስቢ። ገደሉ ጫፍ ላይ መቆም የሚባል ነገር እንዳትሞክሪ፣ አፈሩ ይናዳል። ባይኖኩላር ከሌለሽ ከጓደኞችሽ ተዋሺ።

እናትና ልጁን ካየሻቸው ደውዪልኝ። እዚህ ሌሊት ቢሆንም ግድ የለም።

እናትሽ