ድልድዩን በእግርሽ ተሻገሪ

ልጄ ማሕሌት፣

ባለፈው እሑድ «አይሆንም» ብዬሽ ቡናው ሳይፈላ ተነሥቼ ወጣሁ። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ የአሜሪካዋን የኦሪገን ግዛት የባሕር ዳርቻ ከሰሜን ጫፉ ከአስቶሪያ እስከ ደቡብ ጫፉ እስከ ብሩኪንግስ ብቻዬን በብስክሌት ልጓዝ ስትል ከአባቷ የሚገባት መልስ ይህ አልነበረም። አሁን ፈቅጃለሁ። ከመነሣትሽ በፊት ግን ለዓመታት የደበቅኩትን አንድ ነገር ማወቅ አለብሽ። በአፌ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ስላቃተኝ ነው የምጽፍልሽ።

እኔ ያደግኩባት ከተማ ስሟ ባሕር ዳር ነው፤ ባሕር የምንለው ግን ጣናን ነበር። ብስክሌት የለመድኩት በዘንባባዎቹ ጥላ ሥር፣ ለጥ ባለው መንገድ ላይ ነው። ከሰሉም፣ ዱቄቱም፣ ታናሽ እህቴም በኋላ መቀመጫው ላይ ይጫኑ ነበር። ለእኛ ዳገት ማለት ከዓባይ ድልድይ ማዶ ወደ ቤዛዊት የሚወስደው ኮረብታ ነው፤ እርሱን ከኮርቻ ሳልወርድ የወጣሁ ዕለት ከዚያ በላይ ዳገት በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም። ስለዚህ ፖርትላንድ ከመጣን በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «በነሐሴ የባሕር ዳርቻውን በብስክሌት እንውረደው» ሲለኝ አላመነታሁም። አንቺ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሽ። በር ላይ ቆመሽ የብስክሌቴን ደወል ደጋግመሽ ስትደውዪ እስካሁን ይሰማኛል።

የኮሎምቢያ ወንዝ ከውቅያኖሱ ከሚገናኝባት ከአስቶሪያ ተነሥተን ወደ ደቡብ ወረድን። አንቺም አቅጣጫውን አትለውጪ። በሐምሌና በነሐሴ ነፋሱ የሚመጣው ከሰሜን ምዕራብ ነው፤ ውቅያኖሱ ቀዝቃዛ፣ የውስጡ ምድር ደግሞ በፀሐይ የጋለ ስለሚሆን ከቀትር በኋላ ይበረታል። ወደ ደቡብ ለሚሄድ ሰው ከጀርባ የሚገፋ ወዳጅ ነው፤ ወደ ሰሜን ለሚመጣ ግን ቀኑን ሙሉ የማያልቅ ዳገት ይሆንበታል። ደግሞም በቀኝ በኩል ስለምትነጂ ባሕሩ ሁልጊዜ በአንቺ ወገን ነው፤ በአንቺና በገደሉ መካከል መኪና የለም።

ከካነን ቢች አልፈሽ ጥቂት እንደሄድሽ አርች ኬፕ የሚባለው ዋሻ ይመጣል። ርዝመቱ ወደ 370 ሜትር ነው፤ ውስጡ ጨለማና ጠባብ ነው። መግቢያው ላይ ለብስክሌተኛ የተሠራ ቁልፍ አለ፤ ስትጫኚው ዋሻው ውስጥ ብስክሌት እንዳለ ለመኪኖች የሚያስታውቅ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ሳትጫኚው አትግቢ። ከኋላሽ ያለውን መኪና አሳልፊ፣ የራስሽንም መብራት አብሪ፣ ከዚያ ግቢ። ወደ ደቡብ፣ ሄቼታ ራስ በተባለው ወደ ባሕር የገባ የመሬት ጫፍ አጠገብም እንዲህ ያለ ሌላ ዋሻ አለ።

ከአርች ኬፕ ዋሻ በኋላ ያለው የኒያካኒ ተራራ ነው ትምህርት የሰጠኝ። መንገዱ ከገደሉ ወገብ ላይ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። በስተግራ ጥድና ዐለት፣ በስተቀኝ ዝቅ ያለ የድንጋይ ግንብ፤ ከግንቡ ወዲያ አየር ብቻ፣ ከሥሩ ውቅያኖስ። በጉልበቴ ልወጣው ፈልጌ መካከል ላይ ትንፋሼ ተቆረጠ። ባልደረባዬ ግን ገና ከሥር ጀምሮ ትንሹን ማርሽ አስገብቶ እንደሚጸልይ ሰው በዝግታ እየረገጠ አለፈኝ። ዳገቱ ሳይጀምርሽ ማርሹን ቀይሪ፤ ከከበደሽ በኋላ ስትቀይሪ ካቴናው ይወጣል። ከላይ ስትደርሺ ደግሞ አትለፊው፣ ቁሚ። የማንዛኒታ አሸዋ እስከ ዓይን ጥግ ተዘርግቶ፣ ማዕበሉ አንዱ በአንዱ ላይ ነጭ መስመር እየሠራ ሲገባ ታያለሽ። እኔ ግንቡ ላይ ተቀምጬ ባሕር ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ ጣናን ሳልከዳ ነው ይህን የምልሽ። ቁልቁለቱን ስትወርጂ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርጊው፤ አንቀሽ ከያዝሽው ይግላል።

ከዲፖ ቤይ በታች ከዋናው አውራ ጎዳና የሚገነጠል አሮጌ መንገድ አለ። እንግሊዛዊው መርከበኛ ካፒቴን ጀምስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1778 አየሩ ስለከፋበት «ፋውልዌዘር»፣ ክፉ አየር፣ ብሎ በሰየመው ራስ ላይ ያልፋል። ለመኪና ወደ ደቡብ ብቻ የሚነዳበት ስለሆነ ጸጥ ያለ ነው። በዚያ ባሕር ዳርቻ ናዳ መንገድ ይዘጋልና ዲፖ ቤይ ስትደርሺ ክፍት መሆኑን ጠይቂ። እዚያ ከተማ ግንብ ላይ ቆመን ግራጫ ዓሣ ነባሪ ሲተነፍስ አየን፤ ጭጋግ የመሰለ ውኃ ወደ ላይ ተረጭቶ ጠፋ። ለአንቺ ልነግርሽ እንዴት እንደቸኮልኩ!

አሁን ወደ ደበቅኩት ልምጣ። ኒውፖርት የደረስነው በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ነፋሱ በበረታበት ሰዓት ነው። የያክዊና ወሽመጥ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1936 የተሠራ፣ ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ከመካከሉ እንደ ቀስተ ደመና የተቀሰረ ውብ ድልድይ ነው። ኮንዲ ማካሎ የተባለው መሐንዲስ በዚያ የባሕር ዳርቻ ከነደፋቸው ድልድዮች አንዱ ነው። ሲሠራ ግን የዛሬው ብዛት ያለው መኪና አልነበረም፤ ጠርዙ ላይ ለብስክሌት የሚሆን ትርፍ ቦታ የለውም፤ ከፍ ያለ ጠባብ የእግረኛ መንገድ ብቻ አለው። ባልደረባዬ ወርዶ ብስክሌቱን በእግረኛው መንገድ መግፋት ጀመረ። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝና አልወርድም አልኩ።

ድልድዩ ከፍ ካለበት ቦታ ስደርስ ነፋሱ ከውቅያኖሱ በኩል፣ ከቀኜ መታኝና ወደ ግራ፣ ወደ መኪናው መንገድ ወረወረኝ። ከኋላዬ ግንድ የጫነ ትልቅ መኪና ነበር። የፍሬኑን ጩኸት ሰማሁ፤ ዞሬ አላየሁም። አስፋልቱ ላይ ተጋድሜ ሳለሁ የታየኝ በሩ ላይ የቆምሽው አንቺ ነሽ። ሾፌሩ ወርዶ ብብቴን ይዞ አነሣኝ፤ የእግረኛው መንገድ ላይ እስክወጣ ድረስም መኪናውን አላንቀሳቀሰም። አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ጉልበቴ ላይ ያለው፣ «ከደረጃ ወድቄ ነው» ያልኳችሁ ጠባሳ ያ ነው። ባልደረባዬ ጉዞውን ብቻውን ፈጸመ፤ እኔ ከኒውፖርት በአውቶቡስ ተመለስኩ። እናንተን ናፍቄ እንደመጣሁ ነገርኳችሁ፤ መናፈቄስ እውነት ነበር።

ስለዚህ እሑድ «አይሆንም» ያልኩት የአንቺን ጉልበት ንቄ አይደለም። ያ የፍሬን ድምፅ ነው በጆሮዬ የመጣው። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ድልድይ ላይ ስትደርሺ ወርደሽ ግፊ። ነፋስ ባይኖርም፣ ሌሎቹ ሲነዱ ብታዪም፣ ሰዓት ቢያልፍብሽም ግፊ።

ጭነትሽን ከመነሣትሽ በፊት በነበረው ቀን እሰሪና ሠፈራችን ያለውን ዳገት ወጥተሽ ውረጂበት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሁለት ካላማዳሪ፣ ማስቲሽና መንፊያ ያዢ። ጠዋት ጠዋት ጭጋግ አለና ደማቅ ልብስ ልበሺ። ማታ በግዛቱ ፓርኮች ውስጥ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ብቻ የተለየ የድንኳን ቦታ አለ፤ ክፍያው ጥቂት ነው፤ ዋናው ነገር ግን እንዳንቺ መንገደኛ የሆኑ ሰዎች ስለሚያድሩበት ብቻሽን አትሆኚም። እናትሽ በሶ እያዘጋጀች ነው፤ ስንቄን ከሱቅ እገዛለሁ ብለሽ እንዳታስቀይሚያት። ዳገት ላይ ሲርብሽ ከበሶ የሚበልጥ ነገር እንደሌለ ታያለሽ።

አሸዋው ላይ መውረድ ስትፈልጊ ደግሞ ማንንም አትፍሪ። የኦሪገን ባሕር ዳርቻ የሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 አገረ ገዢው ኦስዋልድ ዌስት የባሕሩን ዳር የሕዝብ መንገድ ያደረገውን ሕግ አስወጣ፤ በ1967 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ደረቁን አሸዋ ጭምር ለሁሉም ክፍት አደረገው። የትኛውም ባለጸጋ አጥር አጥሮ አይከለክልሽም። ጫማሽን አውልቀሽ ውኃው እስኪነካሽ ድረስ ሂጂ።

ከኒውፖርት በታች ያለውን አላየሁትም። ካርታውን ማታ ማታ ዘርግቼ በጣቴ ስከተል ቆይቻለሁ፤ የአሸዋ ተራሮቹን፣ ግዛቱ ወደ ምዕራብ ጫፍ የሚደርስበትን የኬፕ ብላንኮን የመብራት ማማ፣ ብሩኪንግስ ልትደርሺ ስትይ ከሸለቆው በላይ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተሠራውን የቶማስ ክሪክ ድልድይ። እነዚህን አንቺ ትነግሪኛለሽ።

ኒውፖርት ላይ ድልድዩን በእግርሽ ተሻግረሽ ማዶ ስትደርሺ ደውይልኝ። በማንኛውም ሰዓት ይሁን፤ ስልኩን ይዤ እጠብቃለሁ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ።

አባትሽ