ቁልፍ ሳትጨብጪ ገንዘብ እንዳትልኪ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ወንድምሽ ትናንት ራት ላይ አፉ አመለጠው። በርሊን ላይ ላላየሽው ክፍል 900 ዩሮ ልትልኪ ነው አለኝ፤ አከራዩ ውጭ አገር ስለሆነ ቁልፉን በፖስታ ይልክልሻል አሉ። ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ልጄ፣ ቁልፍ ሳትጨብጪ ገንዘብ እንዳትልኪ። ፎቶ ከየትም ይለቀማል። የፓስፖርቱን ኮፒ አሳይቶኛል ብለሽም አትመኚው፤ ቀድሞ ካታለለው ሰው የወሰደው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ያንቺንም ኮፒ የማትሰጪው።

የአጎትሽን የኮተቤውን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ደላላው አንዱን ክፍል ለ4 ሰው አከራይቶ፣ የአራቱንም ቀብድ ይዞ መጥፋቱን። የማታውቂው ግን አለ። ያን ገንዘብ ከእቁቤ አውጥቼ የሰጠሁት፣ «ሌላ ሰው ሳይቀድምህ ቶሎ ስጠው» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ባነሳብኝ ይሻለኝ ነበር። ያንቺም ሰውዬ «ዛሬ ካልላክሽ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ብሎሻል አይደል?

ያረፍሽበት ቤት ቢጠብሽም ለጥቂት ቀን ቻዪው። ክፍል ስታገኚ በቀን፣ በእግርሽ ሄደሽ እዪ። ማሞቂያውን አስከፍተሽ ንኪው፣ የመስኮቱን ጥግ ጥቁር ሻጋታ እንዳለው ተመልከቺ። ኪራዩን ሲነግሩሽ «ካልት» ነው «ቫርም» ብለሽ ጠይቂ። ካልት የባዶ ቤቱ ነው፤ ቫርም የማሞቂያና የውሃው ተጨምሮበት ነው፤ መብራትና ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ውጭ ናቸው። መያዣው፣ ካውሲዮን የሚሉት፣ በሕጋቸው ከ3 ወር የካልት ኪራይ አይበልጥም፤ እሱንም በ3 ወር ከፋፍለሽ መክፈል መብትሽ ነው። ቁልፍ ስትረከቢ የግድግዳውን ጭረት፣ የተሰነጠቀውን ሸክላ፣ የቆጣሪውን ንባብ ሁሉ በወረቀት አስፍረሽ ሁለታችሁም ፈርሙበት፣ ፎቶም አንሺ። ያልተጻፈ ጭረት ስትወጪ ካንቺ መያዣ ነው የሚቆረጠው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ «በዚህ አድራሻ መመዝገብ እችላለሁ?» አይሆንም ካለሽ ቤቱ በወርቅ ቢለበጥ አይጠቅምሽም። በገባሽ በ14 ቀን ውስጥ አንሜልዱንግ፣ የአድራሻ ምዝገባው ማለት ነው፣ ግዴታሽ ነው። ቀበሌ እንደ መመዝገብ ቁጠሪው፤ እዚያ ግን ባንኩም የመኖሪያ ፈቃዱም የተመዘገብሽበትን ወረቀት ይጠይቁሻል። የኪራይ ውል ብቻ ይዘሽ ብትሄዪ ይመልሱሻል። ቅጹን፣ ፓስፖርትሽንና አከራዩ ፈርሞ የሚሰጥሽን ማረጋገጫ ያዢ፤ ማረጋገጫው ቮኑንግስጌበርቤሽቴቲጉንግ ይባላል፣ 3 ቀን ተለማምጄው አሁንም ምላሴ ይተሳሰራል። ቀጠሮ በሰፈርሽ ብቻ አትፈልጊ፤ በከተማው ያለ የትኛውም ቡርገርአምት፣ የነዋሪዎች ጉዳይ ቢሮ ማለት ነው፣ ይመዘግብሻል። ጧት ጧት የቀጠሮውን ድረ ገጽ ክፈቺ፣ ሌላው የሰረዘው ቀጠሮ ብቅ ይላል። ካጣሽም የሞከርሽበትን ቀን የሚያሳይ ምስል አስቀምጪ።

ቅጹ ሃይማኖትሽን ይጠይቃል። እዚያ የካቶሊክና የወንጌላውያን ምእመናን የቤተ ክርስቲያን ግብር በመንግሥት በኩል ይቆረጥባቸዋል፤ በርሊን ላይ የገቢ ግብራቸው 9 በመቶ ነው። የኛ ተዋሕዶ እዚያ ውስጥ የለችበትም። ያው ክርስቲያን ነው ብለሽ የሌላውን ሳጥን እንዳትሞዪ።

ደግሞ የፖስታ ሳጥኑ! በሩ ላይ የክፍል ቁጥር አትጠብቂ፤ ፖስተኛው የሚያየው ስም ነው። ስምሽ ሳጥኑ ላይ ከሌለ ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለሳል። የባንክ ካርዱ ለብቻው፣ የምስጢር ቁጥሩ ለብቻው፣ የግብር ቁጥርሽ፣ የኢንሹራንስ ካርድሽ፣ ሁሉም በዚያች ቀዳዳ ነው የሚገቡት። እኛ ፖስታ ቤት ሄደን ሳጥን የምንከፍት ሰዎች ይህ ትዝ አይለንም። አያትሽን የቤተሰብ ስም አድርገው «ፍራው ኃይለማርያም»፣ ወይዘሮ ኃይለማርያም እንደ ማለት፣ ሲሉሽ አትደንግጪ፤ ነፍሱን ይማረውና እሱ ራሱ ቢሰማ በሳቅ ይሞት ነበር። ፓስፖርትሽ ላይ ተያይዞ ስለተጻፈ ግን የትም ቦታ አያይዘሽ ጻፊው። አንዱ ወረቀት ላይ ከተነጠለ ለኮምፒዩተራቸው ሌላ ሰው ነሽ።

ከብሎክድ አካውንቱ፣ ለቪዛው ተብሎ ከተቆለፈው ሒሳብሽ፣ በወር የሚለቀቅልሽ 992 ዩሮ ነው፤ እሱም ተራ የባንክ ሒሳብ ከፍተሽ ስታሳውቂያቸው። የዓመቱን 11,904 በአንድ ላይ እያሰብሽ ሀብታም አትሁኚ። 900ውን ለሌባ ከሰጠሽ ወሩን በ92 ዩሮ ልትኖሪ ነው። ስለዚህ አሁንም እላለሁ፣ ቁልፍ ሳትጨብጪ ገንዘብ እንዳትልኪ። የቪዛሽን ማብቂያ ቀን ግድግዳ ላይ ለጥፊው፤ የመኖሪያ ፈቃዱን ማመልከቻ ከዚያ በፊት አስገቢ፣ የመጨረሻዋን ሳምንት አትጠብቂ።

የደብረ ብርሃን ልጅ ብርድ አይፈራም እያልሽ እንዳትኮሪ። የኛ ውርጭ ጧት ቢነክስም ረፋዱ ላይ ፀሐይ ታባርረዋለች። የእነሱ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው፤ በታኅሣሥ በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። ጋቢውን ለመኝታ ብቻ ያዢው፤ ለመንገድ ውሃ የማያስገባ ጫማ ግዢ፣ ከካፖርቱም በፊት ጫማው።

ቅቤውን ያስቀረሁብሽ ጨክኜ አይደለም፤ ሥጋና የወተት ውጤት ካገራችን ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቡናውንም ቆልቼ የላክሁት በምክንያት ነው። ጣሪያው ላይ ያለችው ነጭ ክብ ነገር የጭስ ደወል ናት፤ ክፍል ውስጥ ቡና ብትቆዪ ሕንፃውን በሙሉ ትቀሰቅስብሻለች። ወጥ ከሠራሽ በኋላ መስኮቱን ወለል አድርገሽ ለ10 ደቂቃ ክፈቺና ዝጊ። ቀኑን ሙሉ ገርበብ ማድረግ ግድግዳውን ከማቀዝቀዝ በቀር ዋጋ የለውም፤ ሻጋታው ከዚያ ይመጣል፣ ሻጋታው ደግሞ ከመያዣሽ ይቆረጣል። ቅዳሜ አስቤዛሽን ግዢ፣ እሑድ ሱቅ ዝግ ነው።

እሑድ ጥቅምት 16 ሰዓታቸውን በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ የምንለያየው በ2 ሰዓት ነው። አምሽተሽ ስትደውዪ አስቢልኝ፣ አባትሽ ስልክ ሲጮህ ይደነግጣል።

ለዚያ ሰውዬ ዛሬውኑ አይሆንም በዪው። ክፍል ስታገኚ የምፈልገው የሳሎኑን ፎቶ አይደለም፤ ስምሽ የተለጠፈበትን የፖስታ ሳጥን አንስተሽ ላኪልኝ።

ሥላሴ ይጠብቁሽ።

እናትሽ