ሆቴልሽ ከጣቢያው አይራቅ

የተወደድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በመጋቢት ወር ለሥልጠና ወደ ቶኪዮ እንደምትሄጂና ማረፊያሽንም ራስሽ እንድትይዢ እንደተነገረሽ ከሰማሁ ወዲህ በስልክ ብዙ ተነጋግረናል፤ ነገር ግን የስልክ ወሬ ስለሚቆራረጥና አንዱን ስናነሳ ሌላውን ስለምንረሳ፣ በመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደዚያች ከተማ በተመላለስኩባቸው ዓመታት ያየሁትን አሰባስቤ ብጽፍልሽ ይሻላል ብዬ ብዕር አነሳሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ አደራ የምልሽ ስለ ሆቴሉ አመራረጥ ነው። የክፍሉን ፎቶግራፍ አይተሽ አትወስኚ። በመጀመሪያ ማጣራት ያለብሽ ሆቴሉ በየትኛው ባቡር ጣቢያ አጠገብ እንደሚገኝ፣ ከጣቢያው በየትኛው መውጫ መውጣት እንደሚያስፈልግና ከዚያ ስንት ደቂቃ በእግር እንደሚያስኬድ ነው። በጃፓን አብዛኛው መንገድ ስም የለውም፤ አድራሻ የሚነገረው በሰፈር፣ በብሎክና በሕንጻ ቁጥር ስለሆነ የከተማው ተወላጅ እንኳ ቤቱን ሲያመለክት የሚጀምረው ከጣቢያው ነው። የመውጫውን ስም ወይም ቁጥር ማወቅም እንደ ትርፍ ነገር እንዳይታይሽ። ሥልጠናሽ በሚሰጥበት ሰፈር ያለው የሺንጁኩ ጣቢያ በመንገደኛ ብዛት በዓለም አንደኛ ተብሎ በጊነስ መዝገብ የሰፈረ ሲሆን ከ200 በላይ መውጫዎች አሉት፤ በምዕራብ በኩል መውጣት ሲገባው በምሥራቅ የወጣ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ዞሮ ለመመለስ ሩብ ሰዓት ቢፈጅበት አይደንቅም።

ሥልጠናው ሺንጁኩ ከሆነ ሆቴሉንም እዚያው ልያዝ ትይ ይሆናል። እኔ ግን ኡዌኖን እመርጥልሻለሁ። ኡዌኖ በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ በኩል የሚገኝ ነባር ሰፈር ነው። ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሺ ስካይላይነር የሚባለው የኬይሴይ ኩባንያ ፈጣን ባቡር፣ የመቀመጫ ቁጥርሽ በትኬቱ ላይ ተጽፎልሽ፣ የትም ሳትለዋውጪ ከ40 ደቂቃ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ኡዌኖ ያደርስሻል። የዚሁ ኩባንያ ተራ ባቡር ዋጋው ከዚህ ከግማሽ በታች ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚወስድና መቀመጫ ላይገኝበት ስለሚችል፣ ከረጅም በረራ በኋላ ደክሞሽ ሳለ በእሱ ላይ ገንዘብ እንድትቆጥቢ አልመክርሽም። ከኡዌኖ ወደ ሺንጁኩ ደግሞ አረንጓዴ ቀለም ያለው የያማኖቴ መስመር በ25 ደቂቃ ገደማ በቀጥታ ይወስድሻል። ይህ መስመር ከተማዋን በ30 ጣቢያዎች ዙሪያዋን የሚከብ ስለሆነ፣ አቅጣጫ ተሳስተሽ ብትሳፈሪ እንኳ ጊዜ ይወስድብሻል እንጂ ከመድረስ አትቀሪም። ለእንግዳ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያረጋጋ ነገር አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ፤ ስካይላይነር የሚቆምበት የኬይሴይ ኡዌኖ ጣቢያና ያማኖቴ የሚቆምበት ትልቁ የኡዌኖ ጣቢያ አንድ ሕንጻ አይደሉም፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ ይራራቃሉ፤ ስለዚህ ሆቴሉ "ከጣቢያው 3 ደቂቃ" ሲል ከየትኛው ጣቢያ ማለቱ እንደሆነ በካርታ ላይ አረጋግጪ።

ክፍሉን ለመያዝ ዛሬ ነገ አትበይ። በቶኪዮ የቼሪ ዛፍ የሚያብበው ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ነው፣ የኡዌኖ መናፈሻም ለዚህ አበባ ከሚታወቁት ቦታዎች አንዱ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ክፍል ይወደዳል፣ ይጠፋልም። ስትይዢ የማይጨስበት ክፍል መሆኑን እይ፤ በብዙ ሆቴሎች የሚጨስባቸው ክፍሎች እስከ ዛሬ ይከራያሉ፣ ዋጋቸውም ዝቅ ስለሚል ሳታስተውዪ ልትይዢው ትችያለሽ። ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በሰው ቁጥር በመሆኑ ለአንድ ሰው ብለሽ መሙላትሽንም አትርሺ።

ወደ ሆቴሉ መግባት የሚቻለው ባብዛኛው ከ15፡00 ጀምሮ ነው፣ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው፤ መልቀቂያው ደግሞ 10፡00 ወይም 11፡00፣ በእኛ ከረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። ቀደም ብለሽ ብትደርሺ "ክፍሉን አሁን ስጡኝ" ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም፤ ሻንጣሽን በእንግዳ መቀበያው ትተሽ፣ ቁጥር ያለበት ወረቀት ተቀብለሽ መውጣት ነው። ፓስፖርትሽን ተቀብለው ኮፒ ሲያደርጉ አትደንግጪ፣ በሀገሩ አድራሻ ከሌለው የውጭ ዜጋ ሕጉ የሚጠይቀው ነው። ገንዘብ ስትከፍዪ በእጃቸው ለማስጨበጥ አትሞክሪ፤ ባንኮኒው ላይ ትንሽ ትሪ አለች፣ ብሩን እዚያ ላይ ታስቀምጪያለሽ፣ እነሱም መልሱን ቆጥረው በዚያችው ትሪ ይሰጡሻል። ጉርሻ የሚባል ነገር የለም፤ ትተሽ ብትወጪ "ረስተሽ ነው" ብለው ሮጠው ያመጡልሻል።

ክፍሉ ትንሽ ነው። ሻንጣሽን ወለሉ ላይ ብትከፍቺ ለእግርሽ ቦታ ላይተርፍ ይችላልና ትልቁን ሻንጣ ቤት ተዪው። በር ስትገቢ ጫማሽን አውልቀሽ በተዘጋጀልሽ ነጠላ ጫማ ለውጪ፤ የመኝታ ልብስ፣ የጥርስ ብሩሽና ማበጠሪያ ወይ ክፍሉ ውስጥ ይጠብቁሻል ወይ ሎቢው ውስጥ የሚያስፈልግሽን ያህል አንስተሽ ትወጪያለሽ። በብዙ ሆቴሎች የቁልፉን ካርድ በሩ አጠገብ ካለው ማስገቢያ ካልከተትሽው መብራቱ አይበራም። ኤሌክትሪኩ 100 ቮልት ነው፣ ሶኬቱም ሁለት ጠፍጣፋ እግር ያለው መሰኪያ ብቻ ይቀበላል፤ የስልክሽ ቻርጀር በአስማሚ ይሠራል፣ የእኛን ሀገር የፀጉር ማድረቂያ ግን ይዘሽ አትሂጂ፣ እዚያው ክፍሉ ውስጥ አለልሽ። ከበሩ ጀርባ የተለጠፈውን የድንገተኛ መውጫ ካርታ በመጀመሪያው ምሽት ቆመሽ አንብቢው። የመሬት መንቀጥቀጥ በዚያ ሀገር የተለመደ ነው፤ ሲያንቀጠቅጥ ወደ ውጭ አትሩጪ፣ ሊፍትም አትግቢ፣ ራስሽን በትራስ ሸፍነሽ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ወይም አልጋሽ ሥር ዝቅ በይና እስኪያቆም ጠብቂ።

አሁን ወደ መንገዱ ልውሰድሽ። በመጀመሪያው ቀን ሱይካ ወይም ፓስሞ የሚባለውን የጉዞ ካርድ አውጪ። በማሽኑ ላይ ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ ለውጠሽ ጥሬ ገንዘብ ትሞያለሽ፤ ከዚያ በኋላ ባቡርም፣ የምድር ውስጥ ባቡርም፣ አውቶቡስም ስትሳፈሪ ካርዱን ማስነካት ብቻ ነው፣ ከጣቢያው ሱቅ ውኃ ስትገዢም ይሠራልሻል። ሒሳቡ የሚቆረጠው ስትወጪ ነውና ካርድሽ ላይ ያለው ገንዘብ ካልበቃ በሩ ይዘጋብሻል። ያኔ አትፈሪ፣ ማንም አይቆጣሽም፤ ከበሩ ወዲህ በኩል የጎደለውን የሚያስሞላ ማሽን አለ፣ ሞልተሽ ትወጫለሽ።

የጣቢያዎቹን ስም ለመያዝ ከተቸገርሽ ፊደልና ቁጥራቸውን ያዢ። ለምሳሌ በጊንዛ መስመር ላይ ኡዌኖ ጂ 16፣ አሳኩሳ ደግሞ ጂ 19 ነው። ቁጥሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ካየሽ ወደ አሳኩሳ እየሄድሽ ነው፣ ዝቅ ሲል ወደ ሺቡያ። ይህ መስመር በ1927 እ.ኤ.አ. በእነዚሁ በኡዌኖና በአሳኩሳ መካከል የተከፈተ የጃፓን የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ስለሆነ፣ በመጀመሪያው የዕረፍት ቀንሽ በእሱ ተሳፍረሽ የሰንሶጂን ቤተ መቅደስ አይተሽ ብትመለሺ ደስ ይለኛል፤ መንገዱ አጭር ነው፣ አሠራሩንም ያለ ጭንቀት ትለማመጂበታለሽ።

ባቡር ውስጥ ስልክ አይነጋገሩም፤ ድምፁን አጥፊው፣ ቢደወልልሽ እንኳ አታንሺ፣ እኛም በዚያ ሰዓት አንደውልም። በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ በቶኪዮ በግራ በኩል ይቆማሉ። በሥራ ቀን ጠዋት መጨናነቁ ከባድ ስለሆነ በአንዳንድ መስመሮች ለሴቶች ብቻ የተመደበ ፉርጎ አለ፣ መቆሚያው ወለል ላይ በሮዝ ቀለም ተጽፏል፤ ካገኘሽ በእሱ ተሳፈሪ፣ እናትሽም ይህን በተለይ እንድጽፍልሽ አሳስባኛለች። የመጨረሻው ባቡር እኩለ ሌሊት ገደማ ካለፈ በኋላ እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት አካባቢ ሌላ የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ታክሲ ብቻ ነው፣ በሌሊት ሒሳቡ ላይ 20 በመቶ ይጨመርበታል። የታክሲውን የኋላ በር ሾፌሩ ራሱ ከመቀመጫው ሆኖ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋልም፣ አንቺ አትንኪው።

መንገድ ቢጠፋሽ ለመጠየቅ አትፈሪ። አንድ ምሽት ከኡዌኖ ጣቢያ ስወጣ አቅጣጫው ግራ ቢገባኝ ሆቴሉ የሰጠኝን የአድራሻ ካርድ በበሩ አጠገብ ላሉት ሽማግሌ ሠራተኛ አሳየኋቸው። ከመስኮታቸው ጀርባ ወጥተው፣ ነጭ ጓንታቸውን አውልቀው፣ ወረቀት ላይ መንገዱን በእስክሪብቶ አሰመሩልኝ፤ መታጠፊያዬን እስክይዝም ድረስ ቆመው ተመለከቱኝ። በጃፓንኛ የተጻፈው የሆቴሉ ካርድ ከኪስሽ አይለይ የምልሽ ለዚህ ነው። ኮባን የሚባሉ ትንንሽ የፖሊስ ጣቢያዎች በየሰፈሩ አሉ፣ መንገድ መምራት አንዱ ሥራቸው ነው፤ ዕቃ ብትጥዪም ወደ እነሱ ሂጂ። ፖሊስ 110፣ አምቡላንስ 119 ነው።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለሆነ ምግቡን ቸል አትበይው። የሾርባው፣ የኑድሉና የብዙው ወጥ መሠረት ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ ዳሺ የሚባል መረቅ ነው፤ አትክልት ብቻ በሚመስለውም ምግብ ውስጥ ብዙ ጊዜ አለበት። ስለ ዓሣ የንስሐ አባትሽ የሚሉሽን ታውቂያለሽ። ነጭ ሩዝ፣ ቶፉና ፍራፍሬ በሆቴሉ ቁርስ ላይ አታጪም፤ የቡድሃ መነኮሳት የሚበሉትን ሾጂን ርዮሪ የሚያቀርቡ ቤቶችም ሥጋና ዓሣ አያገቡበትም፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ከኡዌኖ ብዙም በማይርቀው በካትሱሺካ ወረዳ፣ ዮጹጊ አካባቢ፣ የእኛ ሰዎች ተሰባስበው ይኖራሉ፤ ሰንበትን ከእነሱ ጋር ብታሳልፊ እንጀራም ወገንም ታገኛለሽ።

ከሺንጁኩ ጣቢያ በደቡብ መውጫ ስትወጪ ከፊትሽ የሚያልፈው ሰፊ አውራ ጎዳና ኮሹ ካይዶ ይባላል። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የቶኪዮውን ማራቶን የሮጠው በዚህ ጎዳና ላይ ነው፤ ሁለት ኦሊምፒክ ተከታትሎ ማራቶንን በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው የሆነውም በዚያ ቀን ነው። በየቀኑ ወደ ሥልጠናሽ ስታቋርጪው ይህን ብታውቂ ብዬ ነው።

ሆቴሉን እንደያዝሽ ስሙን፣ የስልክ ቁጥሩንና የጣቢያውን መውጫ ጻፊልኝ፤ እኔም በካርታው ላይ ከጣቢያው እስከ በሩ ያለውን መንገድ እመለከትልሻለሁ። ቶኪዮ ከእኛ በ6 ሰዓት ስለሚቀድም፣ አንቺ ማታ ወደ ክፍልሽ ስትገቢ እኛ ገና ከሰዓት በኋላ ላይ ነን፤ ከእነሱ 21፡00 ላይ ብትደውዪ እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ እናትሽም ቤት ትሆናለች።

በሰላም ያግባሽ፣ በሰላም ይመልስሽ።

አባትሽ