በየሳምንቱ አንድ ግራፍ፦ ለፍኖተ ሰላሙ ወዳጄ

ይድረስ ለውድ ወንድምዓለሜ፣
ፍኖተ ሰላም

እንደምን ከርመሃል? እማማስ ደኅና ናቸው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። መንገዱም ኔትወርኩም አልመች እያለ ስንጠፋፋ ይኸው ይህን ያህል ጊዜ ሆነን። ወደ ዕቅድ፣ ክትትልና ግምገማ ክፍል መዛወርህንና የሩብ ዓመት ሪፖርቱ በአንተ እጅ መግባቱን ስሰማ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ በዚህ ሥራ ላይ ጥቂት ስለቆየሁ የምነግርህ አለኝ።

ሥልጠና ካልተሰጠኝ አልጀምርም ማለትህንም ነግረውኛል። ሥልጠናው ቢመጣ ግባበት፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ሥልጠና በአብዛኛው የሚያሳይህ የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫን እንጂ ከአንድ ሰፊ ሠንጠረዥ ውስጥ የትኛውን ቁጥር መርጠህ ለኃላፊው እንደምታቀርብ አይደለም። ይህን መምረጥ የሚለመደው በመደጋገም ነው፤ ለዚሁም ሲባል የሙያው ሰዎች በነጻ የሚያዘጋጇቸው ሳምንታዊ የልምምድ ፈተናዎች አሉ። ሜክኦቨር መንዴይ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2016 በአንዲ ክሪቤልና በአንዲ ኮትግሪቭ አማካይነት ሳምንታዊ የሆነ ሲሆን፣ አስቀድሞ የታተመ አንድ ግራፍ ከነመረጃው ቀርቦ ተሳታፊው የግራፉን ጥንካሬና ድክመት መርምሮ በራሱ መንገድ እንደገና ይሠራዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረው ወርክአውት ዌንስዴይ ደግሞ ያለቀለትን ሥራ አሳይቶ ልክ እንደዚያው አድርገህ እንድትሠራ ይጠይቅሃል፤ በመጀመሪያ ታብሎ ለተባለው የግራፍ መሥሪያ ሶፍትዌር ብቻ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ፓወር ቢአይ ለተባለው ተመሳሳይ ሶፍትዌርም ተጨምሮበታል። አር በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ለሚሠሩ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረ ታይዲ ቱስዴይ የሚባልም አለ፤ እርሱን ለጊዜው ተወው።

አንተ ከመጀመሪያው ዓይነት ብትነሣ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም የመሥሪያ ቤታችን ሪፖርት ባለፈው ሩብ ዓመት የተሠራው ግራፍ ቁጥሩ ብቻ ተለውጦ የሚቀርብበት በመሆኑ፣ የተሠራውን ግራፍ ተችቶ ማደስ የዕለት እንጀራችን ነው። ዕቅድና ክንውን በየወረዳው ጎን ለጎን በቆሙ ሁለት ሁለት ባሮች የሚታይበትን ገጽ አስበው። የወረዳዎቹ ስም ከሥር ተጋድሞ፣ ሁለት እጁ እነሴ ላይ ሲደርስ ቦታ አጥቶ ተሰባብሮ፣ አንባቢው አንገቱን አዘንብሎ ያነብበዋል። ባሮቹን አግድም አስተኛቸው፤ በፊደል ተራ ሳይሆን ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድራቸው፤ ዕቅዱን በሌላ ባር ሳይሆን በእያንዳንዱ ክንውን ላይ በምትሰመር አጭር መስመር አሳየው። ከዚያ በኋላ ማን ዕቅዱን እንዳለፈ፣ ማን እንደቀረ ሳትናገር ይታያል። እንደ ድፎ ዳቦ የሚቆራረሰውን ክብ ግራፍ ደግሞ ለአሥራ ምናምን ወረዳ አትጠቀምበት። ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሰው በአንድ መለኪያ መስመር ላይ የተቀመጡ ነገሮችን ሲያወዳድር ማዕዘንንና ስፋትን ከሚገምትበት ይልቅ ትክክለኛ ይሆናል። ይህን ለአለቆቻችን ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ ክብ ግራፍ ይወዳሉ።

የውጭዎቹ ፈተናዎች የማያስተምሩህ ግን የዘመን አቆጣጠራችንን ጣጣ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበራት በየወሩ የሰበሰቡትን ወተት በመስመር ግራፍ ብታወጣው፣ ጳጉሜን ላይ መስመሩ ገደል ይገባል፤ ስብሰባ ላይ አንዱ ተነሥቶ ላሞቹ ምን ሆኑ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ማጠቃለል አንድ መፍትሔ ነው፤ እኔ ግን የየወሩን ወተት ለቀናቱ አካፍዬ የቀን አማካዩን ማሳየቱን እመርጣለሁ፤ አምስት ቀን ከሠላሳ ቀን ጋር በእኩል የሚወዳደረው ያን ጊዜ ነውና። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጳጉሜን የሚውለው በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት 95 ወይም 96 ቀን ሲኖረው ሌሎቹ 90፣ 90 ቀን አላቸው። በሁለተኛው ሩብ ዓመት ላይ ቅናሽ አለ ብለህ ከመጻፍህ በፊት ይህን አስብ። ሌላው ደግሞ ሶፍትዌሩ የወሮቹን ስም እንደ ተራ ጽሑፍ ስለሚያያቸው በፊደል ተራ ይደረድራቸዋል፤ ሐምሌን ካስቀደመ በኋላ መስከረምንና መጋቢትን ያስከትላል። ከስሙ አጠገብ ሐምሌን 1፣ ነሐሴን 2 እያለ የሚሄድ የተራ ቁጥር ዓምድ ጨምረህ በእርሱ እንዲደረደር እዘዘው።

ለመሥሪያው መሣሪያ አትጨነቅ። ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ በነጻ ይጫናል፤ የልምምዱን መረጃ ኔትወርክ ባለበት ቀን ካወረድከው በኋላ ያለ ኔትወርክ ትሠራበታለህ። ታብሎ ፐብሊክም ነጻ ነው፤ ነገር ግን በእርሱ ያተምከውን ሥራ ዓለም ሁሉ ሊያየው ስለሚችል፣ የመሥሪያ ቤቱን መረጃ፣ ይልቁንም የገበሬ ስም ያለበትን፣ በምንም ምክንያት እዚያ አታስገባ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በየሳምንቱ እንለማመድ፤ አንድ ሳምንት እኔ፣ አንድ ሳምንት አንተ ሠንጠረዥ እናውጣ። ሁለታችንም ከአንዱ ሠንጠረዥ አንድ አንድ ግራፍ ብቻ እንሥራ፤ ዳሽቦርድ የሚባለው ይቆየን፤ ብዙ ግራፍ በአንድ ገጽ መደርደር ሳይመርጡ ለማለፍ ያመቻል። የግራፉ ርእስ «የምርጥ ዘር ሥርጭት በወረዳ» የሚል ሳይሆን፣ «ዘሩ ለሁለት ወረዳዎች የደረሰው የመዝሪያው ወቅት ካለፈ በኋላ ነው» እንደሚለው ያለ፣ የተገኘውን ነገር በግልጥ የሚናገር ይሁን። ከዚያ ማብራሪያ ሳንጨምር እንለዋወጥና፣ ተቀባዩ የገባውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ይመልስ። የጻፈው ላኪው ሊል ካሰበው ጋር ካልገጠመ ግራፉ ይታደሳል፤ ክርክር የለም።

የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ አብሬ ልኬልሃለሁ፤ ለመለማመጃ ብዬ ያዘጋጀሁት ስለሆነ ቁጥሩን እንደ እውነተኛ እንዳትወስደው፤ ወሮቹ በፊደል ተራ የተዘበራረቁትም ሆን ብዬ ነው። ሥራህን ለሰኞ አድርስልኝ። ቡሬ ወይም ደምበጫ ያለ፣ ይህን ሥራ የሚወድ ባልደረባ ካለህም ጋብዘው፤ ሦስተኛ ዓይን ይጠቅመናል። ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ፣
ከደብረ ማርቆስ