ለሶፍ ዑመር ውሃ ደንብ ይውጣለት፦ ለቱሪዝም ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለቱሪዝም ሚኒስቴር
ለኦሮሚያ ክልል የቱሪዝም ሥራ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ በሶፍ ዑመር ዋሻ ወደ ውሃው ለሚገቡ ጎብኚዎችና ጠላቂዎች የደኅንነት ደንብ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፤

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ዋሻ የምናስስና ዋሻ ውስጥ ባለ ውሃ የምንጠልቅ ሰዎች ነን። ጥያቄያችን አንድ ነው። ሶፍ ዑመርን በደረቁ መጎብኘትና ሶፍ ዑመር ውስጥ ውሃ መግባት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በአንድ ቲኬት ሊታለፉ አይገባም። ለሁለተኛው የራሱ የተጻፈ ደንብ፣ የራሱ ፈቃድ፣ ደግሞም «ዛሬ አይገባም» ሲል የሚሰማ ኃላፊ ያስፈልገዋል። የተጎዳ ሰው እስኪገኝ መጠበቅ የለብንም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

የወይብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ወርዶ አየው ማኮ በሚባለው በር ወደ ኖራ ድንጋዩ ይገባል፤ ተራራውን በሆዱ ሰንጥቆ በሆሉቃ ይወጣል። ከበር እስከ በር ያለው ርቀት አጭር ነው። ተለክቶ ካርታ የተነሣለት መተላለፊያ ግን 15.1 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ግራና ቀኝ የሚገነጠለው መንገድ ከዋናው በብዙ እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው፤ መንገድ የማያውቅ ሰው የሚጠፋውም በእነዚህ ቅርንጫፎች ነው። ቦታው በሼክ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራ፣ ምእመናን ለዘመናት ለዚያራ የሚሰበሰቡበት ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓለም ቅርስነት የታጩ ቦታዎች በሚሰፍሩበት በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

አስቀድመን ስለ ደራሽ ውሃ። ሶፍ ዑመር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊውል ይችላል፤ ወይብ ግን ውሃውን የሚያመጣው ከደጋው ነው። በዋሻው ዙሪያ ያለው ቆላ ዋና ዝናቡን የሚያገኘው በበልግና ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ደጋው ሐምሌና ነሐሴም ይዘንብበታል። ስለዚህ በክረምት ዋሻው በር ላይ ቆሞ ሰማይ ማየት ስለ ወንዙ ምንም አይነግርም። ከውስጥ ሆኖ ሙላት መምጣቱን የሚያሳውቁ ምልክቶች አሉ፦ ውሃው ሻይ መምሰል ይጀምራል፤ ቅጠልና ስንጥር ይንሳፈፍበታል፤ ድምፁ ይወፍራል፤ ዳር ላይ የነበረው ደረቅ አሸዋ እየጠበበ ይሄዳል። ከእነዚህ አንዱ እንደታየ ጉብኝቱ ያበቃል። ወደ መውጫው ለመድረስ ወንዙን መሻገር ግድ ከሆነ ግን መሻገር ሳይሆን ከፍ ወዳለው ደረቅ ቦታ ወጥቶ ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ነው ትክክሉ። ከፍታው በቂ መሆኑን የሚነግረን ግድግዳው ነው፤ ስንጥቅ ውስጥ የተሰነቀረ ግንድና ጭራሮ ካለ፣ ያለፈው ሙላት እዚያ ድረስ ደርሶ ነበር ማለት ነው። መጠለያው ከዚያ በላይ መመረጥ አለበት።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ርካሽ ነው። በአየው ማኮ በር፣ ዓለቱን ሳያበላሹ የሚተከል፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ የተሰመረ የውሃ ከፍታ መለኪያ ይቁም። አስጎብኚው ጠዋትና ከእያንዳንዱ ቡድን በፊት አንብቦ መዝገብ ላይ ይጻፍ። ከወንዙ በላይ በኩል ደግሞ ስልክ ያለው፣ ለሥራው የሚከፈለው ተመልካች ይኑር። ከተመልካቹ እስከ ዋሻው ሙላቱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስቀድሞ በሁለትና በሦስት ሙላት መለካት አለበት፤ ይህ ቁጥር ካልታወቀ የስልክ ጥሪው ዋጋ የለውም። ማንኛውም ቡድን ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ከዚያ ሰዓት ግማሽ እንዳይበልጥ እንመክራለን።

ወደ ውሃው የሚገባ ሰው ሦስት መብራት ይያዝ፤ አንዱ የራስ ባትሪ ይሁን። የስልክ መብራት አይቆጠርም። እያንዳንዱ ባትሪ ድንጋይ ከታሰበው ጊዜ እጥፍ የሚቆይ መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጠፋ መመለስ እንጂ በሁለቱ መቀጠል የለም። አገጭ ላይ የሚታሰር የራስ ቁርና የሕይወት አድን ጃኬት ግዴታ ይሁኑ። ቦቲ ጫማ ውሃ ሞልቶ እግር ስለሚከብድ ይከልከል።

ስለ ገመድ በተለይ እናሳስባለን። ጉልበት ያለው ውሃ የሚያሻግሩትን ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ማሰር ብዙ ቦታ ይታያል። ሰውየው ከተንሸራተተ ገመዱ ይወጠራል፤ ውሃው በጀርባው ይጫነዋል፤ የተወጠረው ገመድም ወደ ታች ይደፍቀዋል። ከላይ ያሉት ሲጎትቱ ይብሳል። ገመድ መኖር ያለበት ከመሻገሪያው በታች በኩል በቆመ ሰው እጅ ነው፤ ወደ 20 ሜትር የሚሆን፣ የሚንሳፈፍ፣ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልሎ የሚወረወር። የወደቀው ሰው በእጁ ይይዘዋል እንጂ አይታሰርበትም።

አሁን ወደ መጥለቅ እንምጣ። ዓለም ላይ የዋሻ ውስጥ መጥለቅ ደንብ በብዛት የተጻፈው በአሜሪካ ከሰሜን ፍሎሪዳ ምንጮች ነው። እዚያ ውሃው ዓመቱን ሙሉ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነው፤ እንደ መስታወት ጥርት ይላል። ብዙ ሰው የገደለውም ይኸው ጥራት ነው፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው። በየዋሻው አፍ የቆመው የማስጠንቀቂያ ምልክት ከ300 በላይ ጠላቂዎች በእንዲህ ያሉ ዋሻዎች መሞታቸውን ይናገራል፤ ከእነርሱ መካከል የክፍት ውሃ መምህራን እንደነበሩም ይጨምራል። ባሕር ላይ መጥለቅ ማወቅ ዋሻ ማወቅ አይደለም። ባሕር ላይ ችግር ሲገጥም ወደ ላይ ይወጣል፤ ዋሻ ውስጥ ግን ከላይ ያለው ድንጋይ ነው።

ሳንታ ፌ ወንዝ ዳር ያለው ጊኒ ስፕሪንግስ ለእናንተ ሥራ የሚጠቅሙ ሁለት ዘዴዎች አሉት። አንደኛው፣ ወደ 15 ሜትር ጥልቀት ካለው አዳራሽ ወደ ጥልቁ የሚወስደው ቀዳዳ በብረት ፍርግርግ ተዘግቷል፤ ያልሠለጠነ ሰው አዳራሹን አይቶ ይመለሳል። ሁለተኛው፣ በአጠገቡ ባለው ዴቪልስ በሚባለው የምንጮች ዋሻ የዋሻ ሥልጠና የሌለው ጠላቂ መብራት ይዞ እንዳይገባ ይከለከላል። ደንቡ ሲሰሙት ግራ ያጋባል፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። መብራት የሌለው ሰው ጨለማው ሲጀምር ይቆማል፤ መብራት ያለው ግን «ትንሽ ልይ» ይላል።

ሼክ ኤክስሊ (Sheck Exley፤ «ሼክ» እዚህ ማዕረግ ሳይሆን ስሙ ነው) የተባለው አሜሪካዊ ጠላቂ የሞት አደጋዎችን አንድ በአንድ መርምሮ ያወጣቸው ምክንያቶች ዛሬም ያው ናቸው፦ ከክፍት ውሃ ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚዘረጋ መሪ ገመድ አለመኖር፣ አየርን ሳያስተርፉ መጠቀም፣ ከልክ በላይ መጥለቅ። ሥልጠናና የመብራት ብዛት በኋላ ተጨመሩ። ገመዱ የመጀመሪያው ቋጠሮ ውጭ፣ ብርሃን በሚታይበት ቦታ ይሆናል፤ ሁለተኛው ከበሩ ትንሽ ገባ ብሎ። አንድ የተሳሳተ የእግር ምት ደለሉን አንሥቶ እጅን እንኳ እንዳይታይ ያደርጋል፤ ያኔ መውጫው በጣት የሚዳሰሰው ገመድ ብቻ ነው። አየሩ በሦስት ይከፈላል፦ አንዱ ለመግቢያ፣ አንዱ ለመውጫ፣ አንዱ ለክፉ ቀን። በ200 ባር (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የገባ ሰው፣ ለጥንቃቄ 180 ብሎ ቆጥሮ ሲሶውን 60 ሲጠቀም፣ 140 ላይ ሲደርስ ይመለሳል።

ነገር ግን፣ እባካችሁ ይህን በጥንቃቄ እዩልን፤ የፍሎሪዳ ደንብ እንዳለ ተገልብጦ ሶፍ ዑመር ላይ ቢለጠፍ ሰው ይገድላል። ፍሎሪዳ ያለው ምንጭ ነው፤ ውሃው ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። ሲገባ ይታገላል፣ ሲወጣ ይሸከማል፤ የመውጫው አየር ከመግቢያው ያነሰ ይበቃል። በአየው ማኮ በኩል ግን ወይብ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ውሃው ጠላቂውን ያለ ድካም ይወስደዋል፤ ሲመለስ ግን ጉልበቱን በሙሉ ይጠይቀዋል፤ እየለፋ የሚተነፍስ ሰው አየሩን እጥፍና ከዚያ በላይ ይጨርሳል። በዚህ በር ሲሶ አይበቃም። መጥለቅ የሚፈቀድ ከሆነ ከሆሉቃ፣ ውሃው ከሚወጣበት በኩል፣ ሽቅብ ይጀመር። ወንዙ ሲደፈርስ በየትኛውም በር ይዘጋ። በፍሎሪዳም ቢሆን የሱዋኒ ወንዝ ሲሞላ በዳሩ ያሉ ምንጮች ፍሰታቸው ይገለበጥና ቡናማውን ውሃ መልሰው ይውጣሉ፤ ያኔ መጥለቅ ይቆማል።

ከዚህ የባሰ የሚረሳ ነገር አለ፤ ከፍታ። ሶፍ ዑመር ከባሕር ወለል ከ1000 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ከአሥር በመቶ በላይ ያንሳል። ከ300 ሜትር በላይ ባለ ቦታ በስንት ጥልቀት ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው የባሕር የመጥለቅ ሠንጠረዥ አይሠራም፤ ጠላቂው የሚይዘው ኮምፒዩተርም ለከፍታው መስተካከል አለበት። ትልቁ አደጋ ግን ከመጥለቁ በኋላ ነው። ጎብኚ ከዋሻው ወጥቶ ወደ ሮቤ ወይም ጎባ ሲነዳ ወደ 2500 ሜትርና ከዚያ በላይ ይወጣል፤ በማግሥቱ ማለዳ በባሌ ተራሮች ባለው የሳነቴ አምባ ላይ ከ4000 ሜትር በላይ ይቆማል። ይህ በሰውነቱ ውስጥ የቀረውን ናይትሮጅን አረፋ ያደርገዋል። መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፤ ሲከፋ እግር ይሽመደምዳል። አውሮፕላን ለመሳፈር የሚሰጠው ምክር አንድ ጊዜ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ 18 ሰዓት መጠበቅ ነው፤ የሮቤ መንገድም እንደ አውሮፕላን ይታይ። ለሳነቴ ከዚያም ይርዘም። አስጎብኚ ድርጅቶች ዋሻውንና ሳነቴን በተከታታይ ቀን ስለሚያቀናጁ ይህ በፈቃዱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። በአቅራቢያ የሚገኘው የግፊት ሕክምና ክፍል የት እንደሆነና በሽተኛው በምን እንደሚጓጓዝ ሳይጻፍ ለማንም የመጥለቅ ፈቃድ አይሰጥ።

ነፍስ አድን ሥራን በተመለከተ በ2018 እ.ኤ.አ. በታይላንድ ታም ሉዋንግ ዋሻ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። 12 ታዳጊዎችና አሠልጣኛቸው በሙላት ተዘግተው 18 ቀን ቆይተው ወጡ፤ ለዚህም ከብዙ አገር ጠላቂዎችና ፓምፖች መጡ፤ ሳማን ኩናን የተባለው የቀድሞ የባሕር ኃይል ጠላቂ ግን ሕይወቱን ከፈለ። እዚያ ለማዳን የበቃው የዓለም እርዳታ ወደ ባሌ ለመድረስ ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ የእኛ ነፍስ አድን መዝገቡ ነው፦ ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ ይወጣል የተባለበት ሰዓት፣ ያ ሰዓት ሲያልፍ ለማን እንደሚደወል።

ዋሻው ይዘጋ አላልንም። ምእመናኑ የሚመጡበት ጊዜ፣ የሚጸልዩበት ስፍራና በዚያ ያለው ሥርዓት ከማንኛውም ጎብኚና ጠላቂ ይቅደም፤ በዚያ ወቅት የውሃው ክፍል ለቱሪስት ይዘጋ። ደንቡን የሚያስፈጽሙትም ወንዙን ሲያዩት የኖሩት የመንደሩ ሰዎች ይሁኑ። አስጎብኚ ሰው ቢመልስም የቀን ክፍያው እንዳይቀርበት ይደረግ፤ ክፍያው በገባ ጎብኚ ብዛት ከሆነ ማንም «ዛሬ አይገባም» አይልም።

የደንቡን ረቂቅ፣ የመለኪያውን ንድፍና ለአስጎብኚዎች የአምስት ቀን ሥልጠና ያለ ክፍያ ለማዘጋጀት ፈቃደኞች ነን። እስከሚቀጥለው በልግ መለኪያው እንዲተከልና መዝገቡ እንዲጀመር፣ እስከዚያው ድረስም ማንኛውም የመጥለቅ ፈቃድ እንዲቆም በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የዋሻ አሳሾችና ጠላቂዎች