ስለ ጠመንጃው፣ ለአባባ

አባባ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ? ዓይንዎስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ካልጋሪ ገና በረዶ ላይ ናት። እናንተ ዘንድ በልጉ ዘንቦ እንደሆነ ወንድም ጋሼ አልነገረኝም። እሱ ሰሞኑን የሚነግረኝ ሌላ ነው።

ይህን በቴሌግራም የምልከው ለወንድም ጋሼ ልጅ ነው፤ እሷ ታንብብልዎት። (አንቺ ልጅ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ። ከበደኝ ብለሽ አንድ መስመር እንዳትዘዪ።) በስልክ ብነግርዎ ይቀል ነበር። ግን በስልክ አንቱ «አብሽሪ» ይሉኛል፣ እኔም «እሺ» እላለሁ፣ ኔትወርኩም ይቋረጣል።

መጀመሪያ የልጅ ልጆችዎን ወሬ ልንገርዎ። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ እናቴን ቁርጥ ናት። ትልቁ 14 ዓመት ሞላው፣ በቁመት በስንዝር አልፎኛል። አማርኛው ተሰባብሯል፤ «አባባ» ማለት ግን አልረሳም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ዒላማ ተኩስ ይማራል። እዚህ እንደ ኳስ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰልፈው ወረቀት ላይ የተሣለ ክብ ይተኩሳሉ። አሁን የጓደኛው አባት አደን እወስድሃለሁ ብሎ ቃል ገባለት። የራሴ ጠመንጃ ካልተገዛልኝ ብሎ ቁም ስቅሌን አሳየኝ።

ይህን ስነግርዎ «ምንሽር ግዢለት» ብለው የሳቁት ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እንዲያ ከሳቁ ቆይተዋል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ፤ የጠመንጃ ወሬ እንደሚወዱ አውቃለሁ።

እዚህ ካናዳ ጠመንጃ እንደ በግ ተጎትቶ አይመጣም። ልጅ የራሱ ጠመንጃ ሊኖረው አይችልም። ከ12 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ የልጅ ፈቃድ ይሰጡታል፤ በሱ ተውሶ ይተኩሳል እንጂ ባለቤት አይሆንም። ባለቤት እንድሆን እኔ ኮርስ ገባሁ። አዎ አባባ፣ እኔ! በጽሑፍም በተግባርም ተፈተንኩ። ከዚያ ማመልከቻ ነው። ባልሽ ያውቃል ወይ ይላል። የሚያውቁሽ ሰዎች ይመስክሩልሽ ይላል። የአእምሮ ሕመም ነበረብሽ ወይ ይላል። ይህን ሁሉ ሞልተው ከጨረሱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ቢያንስ 28 ቀን ይጠብቃል። እኔን ለማግባት የመጡት ሽማግሌዎች እንኳ ይህን ያህል አልተጠየቁም።

ኮርሱ ላይ የድሮ ጠመንጃዎች ሥዕል አሳዩን። አንዱን ሳየው ክው አልኩ፤ ግድግዳችን ላይ ያለችው ናት። «ማንሊከር ይባላል፣ የኦስትሪያ ሥራ ነው» አለ አስተማሪው። ለካ ምንሽር የምንለው እሱን ኖሯል። የአያቴ ውጅግራም ስሙ ከፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ» የመጣ ነው፤ በፈረንጅ 1874 የወጣ፣ አንድ እየጎረሰ አንድ የሚተፋ። እጄን አውጥቼ «ይቺ እኛ ቤት አለች» ልል ነበር። ተውኩት።

ሱቅ የሄድኩት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፦ ለዒላማም ለአደንም የሚሆን አንድ ጠመንጃ። ሻጩ ሽበታም ሰውዬ ነው። «የሚመጣ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው» ብሎ ሳቀ። የዒላማ ጠመንጃ ከባድ ነው፣ እንዳይነቃነቅ። ቱቦው ወፍራም ስለሆነ ሲተኩሱበት ቢውሉ ቶሎ አይግልም። የአደኑ ደግሞ ዳገት ይዘውት የሚወጡት ነው፤ ቀጭንና ቀላል። ግን አምስት ስድስት ጊዜ ሲተኮስበት ይግልና ጥይቱ እዚህም እዚያም ያርፋል። ለአጋዘን አንድ ጥይት ይበቃል፤ ለወረቀት አይበቃም። ከሁሉ በፊት ግን ልጁን ጠመንጃ አስይዞ ጉንጩ ሰደፉ ላይ በደንብ ማረፉን፣ ጣቱ ቃታው ጋ ሳይንጠራራ መድረሱን አየ። ለአዋቂ የተሠራ ሰደፍ ለልጅ ይረዝማል።

ልጁ ዓይኑን የጣለው 308 በሚሉት ጠመንጃ ላይ ነው፤ ቁጥሩ የጥይቱን ውፍረት ይነግራል። ሻጩ 243 አሳየን። የ308ን ቀለህ አንገቱን አጥብበው በፈረንጅ 1955 ያወጡት ነው፤ ትከሻ ላይ ያለው ምት የ308ን ግማሽ ያህል ነው። የክፍለ ሀገራችን የአልበርታ ሕግ ለትልቅ አውሬ ከ0.23 ኢንች ያነሰ ጥይት ስለማይፈቅድ ይኸኛው ለጥቂት ያልፋል። ሦስተኛው 22 ነው። ጥይቱ ከትንሽ ጣት ጫፍ አይበልጥም፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፣ ትከሻም አይሰማውም። ለአጋዘን ክልክል ነው። ለጥንቸልና ቆቅ ለምትመስል የዱር ወፍ ግን ይበቃል። 50 ሜትር ላይ ላለ ወረቀትማ ከሱ የሚስማማ የለም። (ጥንቸል ስል የእናቴ ወገኖች እንዳይሰሙ። እኛ ሐላል ነው ብንልም እነሱ ድስታችንን መጠየፋቸው አይቀርም።)

እኔ 243 ገዝቼ ልገላገል ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ተኩስ ሜዳው ላይ ያየሁት ነው።

አስተማሪው ለልጁ 308 ሰጠው፣ ይሞክረው ብሎ። ጥይቱን የሚያጎርሰው ራሱ ነው። ልጁ ሳያውቅ መሐል መሐል ላይ ባሩድ የሌለበት ጥይት ይቀላቅላል። እውነተኛው ሲሆን ይጮኻል፣ ጠመንጃው ይዘላል፣ ምንም አይለይም። ባዶው ላይ ሲደርስ ግን ልጁ ቃታውን ሳበ፣ ጠመንጃው ዝም አለ፣ አፈሙዙ ወደ መሬት ድፍት አለ። ዓይኑ ጭፍን ነው። ገና ሳይመታው ከምቱ ይሸሻል። «ይህ ልጅ የሚስተው ሳያይ ቀርቶ አይደለም። ትከሻው ፈርቶ ነው» አለኝ አስተማሪው። ከባድ ጠመንጃ ያስደነገጠው ጀማሪ ይህን ልማድ ለመተው ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል አለ። ስለዚህ 22 ገዛሁ። ዘንድሮ ወረቀትና ጥንቸል፤ አጋዘኑ ይቆየው። አኩርፎ ሁለት ቀን አላናገረኝም። ቢስሚላሂ ብሎ እንዲተኩስ ግን አስተምሬዋለሁ፣ አብሽሩ።

አባባ፣ ያ አፈሙዝ ሲደፋ የታየኝ ወንድም ጋሼ ነው።

ከጎተራው ጀርባ፣ ካቡ ላይ ቅል ደርድረው ያስተኩሱት ነበር። እሱም ያኔ 14 ዓመቱ ነው። ምንሽሯ ትከሻውን አበለዘችው፤ እናቴ ማታ ማታ በቅቤ ታሸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቃታ በሳበ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል። አንቱ ከኋላው ስለሚቆሙ አያዩትም። እኔ ከጎን ነበርኩ። ቀለህ ለቃሚ ነበርኩ።

ልጁ ከጨረሰ በኋላ አስተማሪው «አንቺም ሞክሪ» አለኝ። አራት ጊዜ ተኮስኩ፤ ሁለቱ ባዶ ነበሩ። አፈሙዙ ንቅንቅ አላለም። «ከዚህ በፊት ተኩሰሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አንድ ጊዜ» አልኩት።

(አንቺ ልጅ፣ አባትሽ እዚያ ካለ ውጣ በዪው። የሚቀጥለውን እሱ በሌለበት አንብቢላቸው።)

ያችን ቅል የመታኋት እኔ ነኝ አባባ። አንቱም ያውቃሉ። ዙሁር ሊሰግዱ ገብተው ነበር። ወንድም ጋሼ ትከሻውን ይዞ «እንቺ» አለኝ። 12 ዓመቴ ነበር። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አስደግፌ ቃታውን ሳብኩት። ቅሏ ለሁለት ተከፈለች። ሮጠው ሲወጡ ጠመንጃው እጄ ላይ ነበር። አልቆጡኝም፣ አልመቱኝም። ተቀበሉኝና «ግቢ፣ ቡና ቁዪ» አሉኝ።

ማታ ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ «ልጄ ዛሬ ቅሏን ከፈላት» አሉ፣ የወንድም ጋሼን ራስ እየዳበሱ። ሁሉም መረቁት። ጥጃዋንም ሰጡት። ለመራቂዎቹ ሲኒ የማዞረው እኔ ነበርኩ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ቀረ፤ እስከዛሬም አንስቶት አያውቅም። ሴት ልጅ ተኮሰች ማለት ነውር ሆኖብዎ ይሆናል። የሚያገባት ይጠፋል ብለው ይሆናል። 32 ዓመት ሙሉ እንዲህ እያልኩ በአንቱ ፈንታ መልስ ስሰጥ ኖሬአለሁ። ደክሞኛል።

ደሴ ሁለተኛ ደረጃ እንድማር በሬ የሸጡልኝ አንቱ ነዎት። እሱን አልረሳሁም። ግን ገንዘብ በላክሁ ቁጥር «እንደ ወንድ ልጅ ሆንሽልኝ» ብለው ሲመርቁኝ «አሚን» ማለት ያቅተኛል። እንደ ወንድ ልጅ አይደለም የሆንኩት። እንደ ራሴ ነው።

እዚህ ላይ ብተወው ደስ ባለኝ። ግን ይህን ሁሉ ያወራሁት ወደ አንድ ነገር ላለመድረስ ነው።

ወንድም ጋሼ ባለፈው ወር ደውሎ አለቀሰ። ለሱብሒ ወደ መስጊድ ሲሄድ በደጃፍዎ አለፈ። «ማነህ?» አሉት። «እኔ ነኝ» አለ። ደግመው ጠየቁት፣ ደግሞ መለሰ። ከዚያ ሲያቀባብሉ ሰማ። አፈሙዙ ደረቱ ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ «አባባ» ብሎ ነው ዝቅ ያደረጉት። ሲነጋ ስለ ሌሊቱ ሲያነሳብዎ «ሌሊት ከአልጋዬ አልወረድኩም» አሉት።

እኔ የምሠራው የአረጋውያን ቤት ነው። ቀን ሲያጫውተኝ የዋለ ሰው ሲመሽ የገዛ ልጁን ሌባ ነህ ሲለው አይቻለሁ። ሐኪም ስላልሆንኩ የአንቱም ይኸው ነው አልልም። የዓይን ሞራም ሊሆን ይችላል፤ በድንግዝግዝ ማን ማንን ይለያል? ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለእናንተ ሩቅ አይደለም፣ ሞራውም በቀዶ ሕክምና ይነሳል። የመኪናውንና የመታከሚያውን ለወንድም ጋሼ ልኬአለሁ። ሌሊት የሚሆነውንም እዚያው ለሐኪሙ ይንገርልዎት። አይከልክሉት።

ጠመንጃዋን ይሽጡ አልልም። በ2014 አገሩ ሁሉ ሲሸሽ ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረዋት ከቤትዎ ያልነቃነቁትን ሰው፣ ያስረክቡ የምልበት አፍ የለኝም። ትሰቀል እዚያው፣ ከራስጌዎ። ባዶዋን ግን ትሰቀል። እዚህ ሕጉ ጠመንጃ ባዶውን ተቆልፎ ይቀመጥ ነው የሚለው። የ22ቷን ቁልፍ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ጥይቷ ሌላ ሳጥን ውስጥ ነው። የገዛ ልጄን ስላላመንኩት አይደለም።

ጥይቱ ወንድም ጋሼ ዘንድ ይደር። ዓይኑን ይጨፍን እንጂ እጁ ታማኝ ነው።

(አንቺ ልጅ፣ አሁን አባትሽን ጥሪውና አንቺ ደጅ ቆዪ። አባባ ራሳቸው ያውርዷት፣ እጃቸው ያውቃታል። አባትሽ ከጎናቸው ይቁም፣ አፈሙዟ ሰው ወደሌለበት ወደ ጓሮ ይዙር። አምስት ጎራሽ ናት። የወጣውን ይቁጠርና ቁጥሩን ጻፊልኝ። አራት ከሆነ አምስተኛው የት እንዳለ ይፈልግ። ዛሬ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ስልኬን እያየሁ ነው።)

ልጅዎ፣
ቀለህ ለቃሚዋ