ሂሩትዬ፣ ዳላስ ልንመጣ ነው መሰለኝ

ሂሩትዬ እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው?

ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። አባባ ያረፉ ጊዜ መደወል ሲገባኝ ቴክስት ላክሁልሽ። ከዚያ አፈርኩ፤ ባፈርኩ ቁጥር ደግሞ መደወሉ እየከበደኝ ሄደ። ነፍሳቸውን ይማር። ይቅር በይኝ። ይሄንን ስንገናኝ ቁጭ ብለን እናለቅሰዋለን። ዛሬ የጻፍኩልሽ ግን ጭንቅ ይዞኝ ነው፤ ከአንቺ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

ዳዊት ቴክሳስ እንግባ እያለ ነው።

ባለፈው እሁድ ከቤተክርስቲያን ተመልሰን ቡና አቀረብኩ፤ በአንቺው ረከቦት፣ አደራሽን አስቀምጬልሻለሁ። እሱ የመብራት ቢል የመጣበትን ፖስታ ገለበጠና ጀርባው ላይ ቁጥር ይጽፍ ጀመር። ትራክ የሚነዳ ሰው በስንቱም ስቴት ቢያልፍ የስቴት ታክስ የሚከፍለው ለሚኖርበት ስቴት ብቻ ነው፣ የፌዴራል ሕግ ነው አለኝ። «ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ። እዚህ የማድረው ስድስት ሰባት ሌሊት ነው። ታዲያ ለምንድነው ለማሪላንድ የምከፍለው?» ስቴቱ 4.75 ፐርሰንት፣ ካውንቲያችን በላዩ ላይ 3.2። ሲደመር 8 ፐርሰንት ሊሞላ ነው። በእኛ ገቢ ወደ 7 ሺህ ዶላር መጣ። ቴክሳስ ደግሞ ዜሮ። እንዲያውም በ2019 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የሰው ገቢ ላይ ታክስ እንዳይጣል በሕገ መንግሥታቸው ከልክለዋል። ይቺን ሲነግረኝ ፊቱ በራ፤ እንደዚያ ሆኖ ካየሁት ቆይቻለሁ።

ልጆቹ ሲተኙ ፖስታውን አንስቼ እኔም ከሥሩ ጻፍኩ። ቴክሳስ ደመወዝሽን ባይነካ ቤትሽን ይነካል አይደል? ፕሮፐርቲ ታክሱ ብዙ ቦታ ከ2 ፐርሰንት አይርቅም። አሁን ለትምህርት ቤት የሚከፈለው ሲሰላ ከቤቱ ዋጋ ላይ 140 ሺህ ዶላር ተቀናሽ አድርገውላችኋል፤ እሱንም አስቤ ጋርላንድ ያየነው ቤት ከዚህ ታውን ሀውሳችን በዓመት 1,500 ያህል ይበልጥብናል። የቤት ኢንሹራንሱም አለ፤ በበረዶው ምክንያት ውድ ነው ይላሉ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። የእኔስ ሥራ? እዚህ ካውንቲ በትልልቅ ድርጅቶች ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት ከ17 ዶላር በላይ ነው፣ እዚያ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ላይ ቆሟል። የነርሲንግ ሆም ሥራ እዚያ ድረስ እንደማይወርድ አውቃለሁ። ግን አንድ ቦታ ደውዬ ጠይቄ አሁን ከማገኘው በሰዓት 3 ዶላር ቀንሰው ነገሩኝ። ሦስት ዶላር በዓመት ከ6 ሺህ በላይ ነው። ሰባቱ ሺህ እዚያው አለቀ።

ጠዋት አሳየሁት። ቁጥሩን አንድ በአንድ አየው። አልተከራከረኝም። ፖስታውን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ቢሆንም» አለኝ።

ሂሩቴ፣ ከዚያች «ቢሆንም» ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ነገሩ ታክስ አይደለም። በ2023 ሮክቪል የነበረውን ሰልፍ ሰምተሻል፤ ትምህርት ቤቶቹ ስለ ተመሳሳይ ፆታ የሚያወሩትን የተረት መጻሕፍት ወላጅ ልጄን አላስነብብም እንዳይል የከለከሉ ጊዜ። ሙስሊሙም የእኛ ኦርቶዶክሱም አብሮ ወጣ። ዳዊት የሚጭነውን ሎድ ሰርዞ ሄደ፣ እኔም ሄድኩ። በዚያ ጉዳይ ከእሱ ጋር ነበርኩ፣ ዛሬም ነኝ፤ ልጄ ምን እንደሚነበብለት ሊነገረኝ ይገባል። በጁን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለወላጆቹ ፈረደላቸው። እኔ ተገላገልን ብዬ ነበር። ለካ የእሱ ልብ ከዚህ ስቴት ከወጣ ቆይቷል።

በ2020 አንድ ላይ ተሰልፈን አንድ ሰው መረጥን። በ2024 እሱ ትራምፕን፣ እኔ ሐሪስን። መኪና ውስጥ ነው የነገረኝ፤ ቀይ መብራት ይዞን። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጡሩንባ እስኪነፋብን ድረስ ሁለታችንም ዝም። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ዜና አይከፈትም። በግብዣ ላይም ሰው ስለ ፖለቲካ ሲጀምር ተነስቶ በረንዳ ይወጣል። «እዚህ አፌን ዘግቼ ነው የምኖረው፣ እዚያ እንደኔ የሚያስብ ሰው አለ» ይለኛል። ዳላስ ካውንቲ ራሱ እኮ ሐሪስን ነው የመረጠው አልኩት። ከተማው ሳይሆን ስቴቱ ነው የሚገዛው አለኝ። እውነቱን ነው መሰለኝ።

እኔ ደግሞ የእኔን ፍርሃት አልተውም። ከ2021 ጀምሮ እዚያ 21 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ መሄድ ይችላል፣ ሕግ ካልከለከለው በስተቀር። ናታን 15 ሞልቶታል፣ ነገ መኪና ይነዳል። መንገድ ላይ ከአንዱ ጋር ቢጋጭስ? ያው በ2021 ፌብሩዋሪ መብራት ጠፍቶባችሁ ከመኪና ውስጥ የደወልሽልኝ ድምፅሽም ጆሮዬ ላይ ነው። ትንሿ በጋቢ ተጠቅልላ ስትነጫነጭ እሰማ ነበር።

አንቺ ስትሄጂ ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ። «ለታክስ ተብሎ ሰው ይጣላል?» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ምንም አልመለስሽልኝም፤ ካርቶኑን ማሸግሽን ቀጠልሽ። አሁን ሳስበው አንቺንም ያስወጣሽ ታክስ አልነበረም። ታክስ ነው ማለት ይቀላል፣ ማንንም አያስቀይምም። ያን ጊዜ በጓደኞቻችን መሃል የነበረውን ነገር አውቃለሁ። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ለዚህም ይቅር በይኝ፤ ይሄኛውን ከላይ ከጻፍኩት ለይቼ ነው የምለምንሽ።

እና እውነቱን ንገሪኝ። ቀለለሽ ወይ? ጎረቤቶችሽ ያናግሩሻል? ሲልቨር ስፕሪንግ መኪና ማቆም ትፈሪ የነበርሽው ሴትዮ አሁን ያን የሚያክል መኪና ትነጃለሽ አሉኝ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ልጆቹስ ተመቻቸው? እንደ እኔ ያለች ሴት እዚያ ቤተክርስቲያን ግቢ ቆማ የመሰላትን መናገር ትችላለች?

አንድ ነገር ጽፌ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። ልጻፈው። ዳዊትን እወደዋለሁ፤ እዚህ እየታፈነ እንዲኖር አልፈልግም። ግን እዚህ ዝም የሚለው እሱ ነው፣ እዚያ ደግሞ ዝም የምለው እኔ እንዳልሆን እፈራለሁ። ይሄን ለእሱ አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ እንደምጀምርለትም አላውቅም።

ሐሙስ ሎድ ይዞ ኢንዲያና ያድራል። በእኛ ሰዓት ከማታው 9፣ በእናንተ 8 ሰዓት በኋላ ልጆቹ ይተኛሉ፣ ብቻዬን ነኝ። ከደወልሽ አነሳለሁ። መደወሉ ከከበደሽም ቮይስ ላኪልኝ፣ ተቆጪኝም ከፈለግሽ፣ ድምፅሽን ልስማ።

ሰብለ